የእትዬ አስካለ ጋን

ልጄ ፈቲያ ሶፋው ላይ ተጋድማ በስልኳ ቪዲዮ ታያለች። አንድ ፈረንጅ በቤቱ ቢራ ሲጠምቅ ያሳያል፤ ተርጓሚው "ለጀማሪዎች" እያለ ይቀጥላል።

"እማ፣ ነይ እዪ! ለኒካሄ እሠራልሻለሁ ያልሽኝ ቀሪቦ ከዚህ በምን ይለያል?" አለችኝ እየሳቀች።

ሄጄ አየሁ። ሰውየው ሁለት ነገር ደጋገመ፤ ዕቃው ንጹሕ ይሁን፣ እርሾ ከመጨመራችሁ በፊት ውሃው ይቀዝቅዝ። ፊቴ ጋለ። ይህን ምክር በዐሥራ ስምንት ዓመቴ የሚነግረኝ አጥቼ አይደለም፤ የምሰማበት ጆሮ ነው ያልነበረኝ።

ዘመኑ የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነበር፤ ወሩ ኅዳር፣ የጨፋ ማሽላ የሚታጨድበት። ከተማችን ከሚሴ እንደዛሬው ባጃጅ አይርመሰመስባትም፤ ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና ሲያልፍ አቧራው ግቢያችን ድረስ ይገባል። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ከጨፋ ሮቢት ሊያገባ ሽር ጉድ እንላለን። የእኛ የሙስሊሞቹ የድግስ መጠጥ ቀሪቦ ነው፤ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ተቀቅሎ ይጠለልና ስኳርና እርሾ ገብቶበት በጋን ያድራል። ጌሾ አይነካውም፣ አያሰክርም።

ጋኑን የምንዋሰው ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ ነበር። እትዬ አስካለ ክርስቲያን ናት፣ ጠላ ጠምቃ ነው ልጇን ያሳደገችው። ግን ጠላ ገብቶበት የማያውቅ አንድ ጋን ለብቻው፣ አፉን በነጭ ጨርቅ አስራ ታስቀምጣለች። "የእስላም ጋን" ይባላል። በግራዋ ቅጠል አሽታ፣ በወይራ አጥና ታውሳለች። ሰፈራችን ውስጥ ያለዚያ ጋን የተዳረ ልጅ የለም ብል አላበዛሁም።

እኔ ደግሞ ቀሪቦውን ብቻዬን ካልሠራሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። የሙሽራዋ ዘመዶች "የማን እጅ ነው?" ብለው ሲጠይቁ ይታየኛል። እናቴ "ኧረ ተይ፣ አስካለ ታግዝሽ" ስትል፣ "ውሃና ገብስ አይደል እንዴ!" አልኳት። እትዬ አስካለም ጋኑን ስታቀብለኝ "ሀዋዬ፣ ጣትሽን ብትነክሪበት የማያቃጥልሽ ሳይሆን እርሾውን እንዳትጨምሪ" ብላኛለች። "እሺ፣ እሺ" አልኩ። ከዚያ የሚፋጀው ላይ ጨመርኩት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ፣ በማግስቱ ጋኑ ላይ ጆሮዬን ብለጥፍ ጭጭ። አረፋ የለ፣ ድምፅ የለ። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ኒካሁ ቅዳሜ።

ለእናቴ ከምናገር ሞቴን መረጥኩ። ወንፊት ልመልስ ብዬ እትዬ አስካለ ጓዳ ገባሁ፤ እሷ ደጅ ያሰጣችውን ብቅል ታገላብጣለች። ጥግ ላይ የጠላ ጥንስስ ይንተከተካል። አንድ ጣሳ ሙሉ ቀድቼ በሻርፔ ስር ሸሸግኩና ወስጄ ቀሪቦዬ ውስጥ ገለበጥኩት። ጌሾ እንዳለበት አላውቅም ነበር ልበል? አውቅ ነበር። በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ ማን ያውቀዋል ብዬ ምሬቱን በስኳር ሸፈንኩ። ማምሻውን ጋኑ ይፈላ ጀመር። ደስ አለኝ። ዛሬ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታ ነው።

ቅዳሜ የሙሽራዋ አባት ሸህ መሐመድ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ቢስሚላህ ብለው ጎንጨት አሉና ቆም አሉ።

"ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ? ጌሾ ጌሾ ይለኛል። አስተግፊሩላህ!"

የሰይድ ፊት አመድ መሰለ። አንዱ ሽማግሌ "ጋኑ የማን ነው?" ሲሉ እናቴ መሬት መሬት እያየች "የአስካለ ነው" አለች።

እትዬ አስካለ ሰሃን ልታጥብልን መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ብርጭቆውን ተቀብላ አሸተተች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ዓይኔን ሰበርኩ።

"ይቅር ይበሉኝ አባቴ" አለች። "የጠላ ዕቃ ያጠብኩበት ውሃ ነክቶት ይሆናል። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ኒካሁ እንዳይፈርስ ብዬ ነው እል ነበር፤ ውሸት ነው፣ ለራሴ ነው የፈራሁት። ሸሁ ደግ ሰው ናቸውና "አውቃ አይደለም፣ አላህ ይቅር ይበላት" ብለው ኒካሁ ታሰረ። እሷንም ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ጋኗን የተዋሳት ሰው የለም።

ዓመታት ሙሉ በአንድ ነገር ተጽናናሁ፤ አውቃብኛለች፣ ልትሸፍነኝ ብላ ነው ጥፋቱን የወሰደችው እያልኩ። ያ አስተያየቷ ለእኔ ይቅርታ ነበር። ስትሞትም ከዘመድ አብልጬ አለቀስኩ።

ቪዲዮውን ባየን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ልጇ ወደ ጽጌ ተሻገርኩ። "ጽጌ፣ ለፈቲያ ኒካህ የእናትሽን ጋን አውሺኝ" አልኳት።

ሳቀች። "ኧረ እትዬ ሀዋ! ያ ጋን እንዴት እንዳዋረደን ረሳሽው?"

"ጋኑ ንጹሕ ነበር" አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ጣሳውን፣ ሻርፑን፣ ስኳሩን። "እናትሽ እኮ አውቃለች። እኔን ሸፍና ነው" ብዬ ጨረስኩ።



"አላወቀችም" አለችኝ ጽጌ። "እስክትታመም ድረስ በየዓመቱ ያንን ጋን እያወጣች በግራዋ ታሸው ነበር። አንገቷን ውስጡ አስገብታ ታሸትና፣ 'ጽጌ፣ እስኪ አንቺም አሽቺው፣ የቱ ጋ ነው የተነካብኝ?' ትለኝ ነበር።"

ጋኑን ግን አልከለከለችኝም። አሁን ጓዳዬ ውስጥ አፉ በነጭ ጨርቅ ታስሮ ቆሟል። ፈቲያ "መቼ እንጀምር?" እያለች ትነዘንዘኛለች። በኒካሁ ቀን፣ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ፣ ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ጋኑ የማን እንደሆነና ያቆሸሸው ማን እንደሆነ እናገራለሁ ብያለሁ። ብያለሁ እንጂ፣ ዳስ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያየኝ አንደበቴ እንዴት እንደሚተሳሰር የማውቀውም እኔው ነኝ።