አሥራ ስምንት ፋሲካ በይሁዳ ስም

ሰይፈ ሚካኤል በመቱ ከተማ የአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። ጎሬ ተወልዶ ያደገ የኦርቶዶክስ ልጅ ሲሆን፣ በ1984 ዓ.ም. በሃያ ሁለት ዓመቱ የሉተራን ማኅበረ ምእመናን አባል ሆነ። በዚያው ሳምንት እናቱ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ፍራሽ አንጥፈው ሦስት ቀን ልቅሶ ተቀመጡ። ጎረቤት ሁሉ እየገባ «ያጽናዎት» አላቸው። ሟች የተባለው ልጅ በዚያ ሰዓት መቱ ተቀምጦ መዝሙር ያጠና ነበር። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

አዲሶቹ ወንድሞቹ በደስታ ተቀበሉት። በ1996 ዓ.ም. ወጣቶቹ የሕማማቱንና የትንሣኤውን ታሪክ በድራማ ለማሳየት ሲነሡ፣ ጴጥሮስን ለመሆን ሰባት ሰው ተሻማ፤ ይሁዳን የሚወስድ ግን ጠፋ። ድራማውን የሚመራው ነመራ ያኔ ገና ጎረምሳ ነበር፤ ዙሪያውን ቃኝቶ ዓይኑን ሰይፈ ሚካኤል ላይ ጣለ።

«ጋሼ ሰይፈ ይሥሩት። እናታቸውን ጥለው የመጡ ሰው ናቸው፤ ክህደቱን ያውቁበታል።»

አዳራሹ ሳቀ። ሰይፈ ሚካኤልም ከሳቁት ጋር ሳቀና «እሺ» አለ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ በወረርሽኙ ዓመት ብቻ ሲቀር፣ አሥራ ስምንት ፋሲካ ይሁዳ ሆነ። ስሙም ከመድረክ ወርዶ ተከተለው። በገበያ ይሁዳ ተባለ፤ በሠርግ ቤት ይሁዳ ተባለ፤ በካርድ ክፍሉ መስኮት በኩል ልጇን ያዘለች እናት «ጋሼ ይሁዳ፣ ተራዬ አልደረሰም?» አለችው። ለሁሉም ፈገግ ይል ነበር። ምእመናኑ ይህን ትሕትና ብለው ያመሰግኑታል። ምስጋናው ግን ተገቢ አልነበረም። ጌታ በጲላጦስ ፊት ዝም ያለው ሌሎችን ለማዳን ነው፤ ሰይፈ ሚካኤል ዝም ያለው ሁለተኛ ቤት እንዳያጣ ፈርቶ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ዝምታዎች ይመሳሰላሉ፤ እግዚአብሔር ግን ከውጭ አያይም።

የሚገርመው፣ ስለዚህ ነገር በዚያች ማኅበር ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ሐሙስ ሐሙስ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ይመራል፤ ትንቢትንና ፍጻሜውን ጎን ለጎን የጻፈበት ወፍራም ደብተርም አለው። ስለ ይሁዳ ሲጠየቅ ሁልጊዜ እንዲህ ይመልሳል፦ «ትንቢቱ አስቀድሞ አየው እንጂ አላዘዘውም። ሐኪም በሽታህን ስለ ነገረህ በሽታውን አላመጣብህም። ይሁዳ እስከ መጨረሻዋ እራት ድረስ እምቢ ማለት ይችል ነበር። ጌታ እግሩን አጥቦ፣ ከማዕዱ ያጎረሰው ለምን ይመስላችኋል? በሩ ገና ክፍት ስለ ነበረ ነው።» የሚሰሙት ይህን ይጽፋሉ። እሱ ደግሞ ደብተሩን አጥፎ፣ ይሁዳ እየተባለ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በ2015 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ከጎሬ መልእክት መጣ። ያመጣው የአክስቱ ልጅ ዲበኩሉ የሚኒባስ ሾፌር ነው።

«እናትህ ‹ሳልሞት ልጄ የሚያመልክበትን ቤት ልይ› ብለዋል። ቅዳሴያቸውን አስቀድሰው፣ የፋሲካ ዕለት ከሰዓት እኔ አመጣቸዋለሁ።»

ድራማው የሚታየው በዚያው ዕለት፣ በዚያው ሰዓት ነው። ሰይፈ ሚካኤል በማግስቱ ወደ ነመራ ሄደ።

«ዘንድሮ ይሁዳን ሌላ ሰው ይሥራው።»

«ምነው ጋሼ? ሠላሳው ብር አነሰ እንዴ?»

«እናቴ ትመጣለች።»

«ይምጡና ይዩ! ከእርስዎ የሚበልጥ ይሁዳ በኢሉባቦር የለም።»

«ነመራ፣ እለምንሃለሁ። ሞቷል ብላ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረች ሴት ናት። ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ መጀመሪያ ስታየኝ ጌታዬን ስሸጥ አትየኝ።»

ነመራ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሰው ሕመም የሚገባው ግን ሲነገረው ብቻ ነው። ጥቂት አሰበና፣ ይሁዳን ለሁንዴሳ ሰጥቶ፣ ሰይፈ ሚካኤል ከድራማው በፊት ኢሳይያስ ምዕራፍ ሃምሳ ሦስትን እንዲያነብ ፈቀደ። የማኅበሩ አገልግሎት በአፋን ኦሮሞ ቢሆንም፣ ለእናቱ ሲባል ንባቡ በአማርኛ እንዲሆን ተስማሙ። ሰይፈ ሚካኤል አራት ሳምንት ሙሉ ምዕራፉን አጠና፤ በቃሉ እስኪወጣው ድረስ።

ቀኑ ደረሰ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ነጭ ለብሰው፣ በሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ኢብሴ ከምትባል የመዘምራን እናት አጠገብ ተቀመጡ። ሰይፈ ሚካኤል ሱፉን ለብሶ፣ መጽሐፉን ይዞ ወደ መድረኩ ወጣ። ገና አፉን ሳይከፍት ከኋላ አንድ ድምፅ ጮኸ።

«ይሁዳ!»

«ኧረ ዘንድሮ ሱፍ ለብሷል!»

«ይሁዳ ነቢይ ሆነ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰይፈ ሚካኤል ማንበብ ጀመረ። ሰዎች ፊታቸውን ያዞሩበትን፣ የተናቀውንና የሕማሙን ሰው ሲያነብ፣ ሳቁ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በዚያ ቤት እሱን የሚጠላ አንድም ሰው አልነበረም። ቢጠሉት ይሻለው ነበር፤ የጠላ ሰው አንድ ቀን ይጸጸታል፤ በቀልድ ለሠራው ግን ንስሐ የሚገባ የለም።

«ማንን ነው እንዲህ የሚሉት?» አሉ ወይዘሮ ፈትለወርቅ።

«ልጅዎን ነው እንጂ፣ እማማ። እኛ ዘንድ ስሙ ይሁዳ ነው» አለች ኢብሴ እንባዋን እየጠረገች፤ የሳቅ እንባ ነው። «አይክፋዎት፣ በፍቅር ነው።»

«በፍቅር?»

«በጣም ይችልበታል! ጌታን ሲስመው አይተው ቢሆን፣ ልብዎ ቀጥ ይል ነበር።»

 አሮጊቷ ድራማው እስኪያልቅ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። በመጨረሻም በር ላይ ልጃቸው ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል፣ በእጃቸው አገዱት።

«ስንት ዓመት ሆናቸው እንዲህ ሲሉህ?»

«አሥራ ስምንት፣ እማዬ። ጨዋታ ነው።»

«አንድ ቀን እምቢ ብለሃቸዋል?»

ሰይፈ ሚካኤል የሱፉን ቁልፍ ነካካ።

«እኔን እምቢ ብለሃል። የንስሐ አባትህን እምቢ ብለሃል። ታቦቱን እምቢ ብለህ ወጥተሃል። ያን ጊዜ ባለቅስም በሆዴ ‹ላመነበት እናቱን የሚተው ልጅ ወልጃለሁ› ብዬ ነበር። ለካ እምቢታህ እኔ ላይ ብቻ ነው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አንድ ጊዜ አልቅሼልሃለሁ። ሁለተኛ አላለቅስልህም።»

ሊደግፋቸው ክንዱን ዘረጋ። እሳቸው ግን የዲበኩሉን እጅ ይዘው ወደ ሚኒባሱ ገቡ። መኪናው የጎሬን መንገድ ይዞ እስኪሰወር ድረስ ቆሞ አየ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ዞረው አላዩም።

ነመራ ከኋላው መጥቶ ትከሻውን መታ አደረገው።

«ንባቡ ደስ ይል ነበር፣ ጋሼ። ሕዝቡ ግን እርስዎን ነው የለመደው። ሁንዴሳ ሲስም አዩት? አማቱን የሚስም ነው የሚመስለው! ለከርሞ ወደ ቦታዎ ይመለሱልን እንጂ።»

ይሁዳ እስከ መጨረሻዋ እራት ድረስ ምን ማለት ይችል እንደ ነበር ሰይፈ ሚካኤል ስንት ሐሙስ አስተምሯል። ቃሉ አንድ ነው፤ አጭርም ነው፤ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ነመራ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

«እሺ» አለ።