ከሁሉም ጋር የሚሄድ ቀለም

በምሠራበት ሆስፒታል ላቦራቶሪ አዲስ የሚቀጠሩ ሴቶች የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ሲቀበሉ “ልብስ ምረጪልን” ብለው ይይዙኛል። ደስ ይለኛል፤ ምን ያስዋሻል። ፒያሳ ያሉትን የልብስ ሱቆች ከነባለቤቶቻቸው ጠባይ አውቃቸዋለሁ። “ላንቺ ተብሎ የተሰፋ ነው” የምትለው ሴት ለሁሉም እንደዚያው እንደምትል፣ ጥግ ላይ ያለው ሰውዬ ደግሞ ገበያው ቢቀርበትም እውነቱን እንደሚናገር ለይቻለሁ። ምክሬም ብዙ ነው። አንድ ምክር ግን ከአፌ አይወጣም፤ “ጥቁር ግዢ፣ ከሁሉም ጋር ይሄዳል” የሚለው። ይህችን ምክር ሰምቼ እናቴን ያለ ጊዜዋ ከል አስለብሻታለሁ።

አባቴ የሞተው በክረምት ነው። በሰፈራችን ደብር ሲያገለግልና ተማሪ ሲያስተምር የኖረ መሪጌታ ነበር። እናቴም እኔም ጥቁር ለበስን። በእኛ ዘንድ ሐዘን በልብስ ይታያል፤ ጥቁር የለበሰች ሴት ሰርግ አትሄድም፣ አትኳልም፣ እልል አትልም፤ መንገድ ላይ የሚያገኛትም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ሰላም የሚላት። ሙት ዓመቱ ሲደርስ አክስቴ፣ የአባቴ እኅት፣ ከአይከል ለሁለታችንም ነጭ ቀሚስ ይዛ መጣች። ዘመድ ጎረቤት ባለበት ጥቁራችንን አወለቅን። ተላቀስን፣ ምሳ ተበላ፣ ሰው ተመራርቆ ሄደ። በቃ፣ ሐዘኑ ወጣ ብዬ በእፎይታ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ግን ሥራ አለ። በባዶ ሆዳቸው ለምርመራ ደም ሊሰጡ የመጡ ሰዎች ገና ሳንከፍት በር ላይ ይሰለፋሉ። አርፍዶ መግባት አይታሰብም። በሐዘኑ ዓመት ደግሞ አንድ ነገር ተምሬ ነበር፤ ጥቁር ለባሽ ጠዋት ላይ አታስብም። እጇ የገባላትን ሱሪ ከገባላት ሹራብ ጋር ትለብሳለች፣ ትወጣለች። ቆሻሻ አያሳይ፣ አያወፍር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬም “ሥራ የሚበዛባቸው ሴቶች ሁሉ የሚለብሱት ጥቁር ነው፣ ከሁሉም ጋር ይሄዳል” አለችኝና ልቤን ሞላችው። ስለዚህ ሱሪውንም፣ ሹራቡንም፣ ጫማውንም በጥቁር ጨምሬ ገዝቼ ነበር። የዚያን ሰኞ ነጩን ቀሚስ ሰቅዬ ጥቁሬን ለበስኩ፣ ሻዬን ቆሜ ጠጣሁ፣ ባጃጅ ለመያዝ ሮጥኩ። እናቴ ነጩን ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ቆማ አየችኝ።

ማታ ስመለስ የእናቴ ነጭ ቀሚስ የለም። አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከታዋለች። ጥቁሩን መልሳ ለብሳ ሽንኩርት ትከትፋለች።

አባቴን መርሳት አቅቷታል አልኩ። ባሏን የቀበረችን ሴት “በቃሽ፣ እርሺው” ማለት ደግሞ የሚሞከር አይደለም። እሷም ምክንያቷን አልነገረችኝም። ወራቱ እንዲሁ አለፉ፤ የጎረቤት ክርስትና ሲኖር ስጦታዋን በእኔ ትልካለች፣ ሰርግ ሲኖር በሯን ዘግታ ትውላለች። ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። በቁሟ ከአባቴ ጋር ልትሄድብኝ ነው የሚል ፍርሃት ያዘኝ።

በአፌ ያልደፈርኩትን በልብስ ልሞክረው ብዬ ተነሣሁ። በምሳ ሰዓት ጋዎኔን አውልቄ ፒያሳ እወርዳለሁ። ብልጠቴን ሁሉ የተማርኩት ያኔ ነው። ቀለም የሚመረጥ በሱቅ መብራት አይደለም፣ ይዘሽው በር ላይ ውጪና በፀሐይ እዪው። ጨርቁን በጭብጥሽ ጨምቀሽ ልቀቂው፤ ተጨማድዶ ከቀረ ተዪው፣ መብራት የጠፋ ጠዋት በምን ትተኩሺዋለሽ? ለክተሽ ቆመሽ ብቻ አትዪ፤ እጅሽን አንሺ፣ ቁጭ በዪ፣ ባጃጅ ውስጥ እንደምትገቢ ጎንበስ በዪ። ሲርብሽ አትግዢ። ነጠላ ደግሞ ከቦርሳሽ አይጥፋ፤ ከሥራ ወጥተሽ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለሚ ወይም ለቅሶ ልትደርሺ ትችያለሽ፣ ቤት ደርሶ ለመመለስ ጊዜ የለም። ይኼን ሁሉ አውቄ ለእናቴ መጀመሪያ አመድማ ገዛሁላት፣ እንዳይከብዳት ብዬ። ቀጥሎ ቡናማ። “ሸጋ ነው፣ ተባረኪ” ትለኛለች፤ ሳጥኑ ይከፈታል፣ ሳጥኑ ይዘጋል።

ጥምቀት ሲቃረብ አክስቴ ከአይከል መጣች። ልጇን በጥር ልትድር ነው።

“ወንድሜ የለ። አንችም ከቀረሽ ልጄን ማን ሊመርቅልኝ ነው?” አለቻት እናቴን።

“በጥቁር ሙሽራ ፊት አልቆምም” አለች እናቴ።

“ምነው፣ ታዲያ አታወልቂውም?”

እናቴ መሬት መሬት አየች። አክስቴ ዕንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ወደ አይከል ተመለሰች። ያን ጊዜ ፍርሃቴ ሁሉ ወደ ንዴት ተለወጠ። በማግስቱ ፒያሳ ወርጄ ደማቅ ሰማያዊ ቀሚስ ገዛሁ። አመድማ የለ፣ ቡናማ የለ። ቤት እንደገባሁ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ጉልበቷ ላይ አኖርኩት።

“እማ፣ ለሰርጉ የምትለብሽው ይኸን ነው።”

ጨርቁን በጣቶቿ አሸችው። “ሸጋ ነው” አለች። “ላንች ይሁን።”

“ለእኔ ለምን?”

“መጀመሪያ አንች አውልቂ እንጂ፣ የኔ እናት። ልጅ ለአባቷ ከል ለብሳ እየወጣች እየገባች፣ እኔ ሰማያዊ ለብሼ ሰርግ ልሂድ? ሰው ምን ይላል? እሱስ ምን ይለኛል?”

ጎንበስ ብዬ ራሴን አየሁ። ጥቁር ጫማ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሹራብ። ቦርሳዬም ጥቁር ነው።

“እማ! ይኸ እኮ ከል አይደለም! የሥራ ልብሴ ነው!”

“የሥራሽ ልብስ ነጭ አይደለም እንዴ?”

“ከሥሩ የምለብሰው ነው! ቆሻሻ አያሳይም። ደግሞ ከሁሉም ጋር ይሄዳል።”

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። “ከምን ጋር ነው የሚሄደው?” አለች። “ሁሉም ጥቁር ነው እኮ።”

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላስታውስም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። ሳቋ ትንሽ ቆይቶ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ የእኔም እንደዚያው።

“ምነው ታዲያ አልጠየቅሽኝም?” አልኳት።

“አባትሽን እርሽው ልበልሽ?” አለችኝ።

እኔም እሷን ያልጠየቅኋት በዚሁ ምክንያት ነበር። የዚያን ሰኞ ጠዋት ነጩን ለብሳ በር ላይ ስትቆም፣ ከል ያወለቀች ልጄን ልሸኝ ብላ ነው የወጣችው፤ እኔ ደግሞ ጥቁሬን ለብሼ ባጃጅ ሳባርር አየችኝ። ልጄ አልበቃትም ብላ፣ ብቻዬን እንዳላዝን ብላ ጥቁሩን መልሳ ለበሰችው። እናቴ ልትሞትብኝ አልነበረም። እኔን ስትጠብቅ ነው የቆየችው።

ቅዳሜ ዕለት ፒያሳ አብረን ወረድን። እኔ ባለሙያ ነኝ ባይ ነበርኩ፤ እሷ ግን ያነሣሁትን ሁሉ “ይኸማ ጥቁር ነው” እያለች አስቀመጠችብኝ። ጥቁር ሰማያዊውንም ጥቁር አለችው፣ ቡናማውንም ጥቁር አለችው። በመጨረሻ እንደ አደይ አበባ ቦግ ያለ ቢጫ ሹራብ አንሥታ ፊቴ ሥር ያዘችው። ሰኞ ጠዋት ከዚያው ከጥቁር ሱሪዬ ጋር ለበስኩት። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችኝና “እሽ፣ አሁን ሄደልሽ” አለች። ሥራ ቦታ ባልደረቦቼ አሾፉብኝ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ለሰርጉ አይከል ስንደርስ አክስቴ በድንኳኑ በር ነበረች። እናቴን በሰማያዊው ቀሚስ አየቻት፤ ቀርባ እጅጌውን ዳሰሰች፣ አቅፋ አስገባቻት።

ሙሽሮቹ ሲገቡ ሴቶቹ ሁሉ እልል አሉ። እናቴም አፏን ከፈተች። ከአባቴ ሞት በፊት በእልልታዋ ሰፈሩን የምታነቃ ሴት ነበረች፤ አሁን ግን ድምጿ መሐል ላይ ተሰበረና ሳል ሆነባት። አክስቴ ወደ እሷ ልትሮጥ ተነሣች። እናቴ በእጇ ቆይ አለቻት። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ሰማያዊ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች፣ እልልታውን ከመጀመሪያው ጀመረችው።