አሱንታ የሸሸገችው መንገድ

አሱንታ ሴሞ በሞሆስ ሜዳ፣ የጥንት አያቶቿ አፈር ተሸክመው ባቆሙት ጉብታ ላይ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ዝናቡ በርትቶ ሜዳው ባሕር ሲሆን፣ ከውሃ በላይ የሚቀሩት ጉብታውና ከእሱ የሚነሳው እንደ ተወጠረ ገመድ የቀና የአፈር መንገድ ብቻ ናቸው። ለምን እንዲያ ቀጥ ተደርጎ እንደተሠራ የሚያውቅ የለም፤ ርቆ ሄዶም ረጅም ሣር ውስጥ ከዓይን ይጠፋል። መጨረሻውን ግን አሱንታ ታውቀዋለች፤ ሽማግሌዎቹ በየዓመቱ የላባ ዘውድ ደፍተው እየጨፈሩ የሚወርዱበት የሙታን ጫካ ነው።

አንድ ቀን ኢቫር የሚባል ወጣት ተመራማሪ በታንኳ መጥቶ ካርታ ዘረጋ።

«እማማ፣ ይሄ መንገድ የት ነው የሚያልቀው?»

«ማን ላከህ?»

«ዩኒቨርሲቲው ነው።»

«ያ የፊተኛውም እንዲህ ብሎን ነበር። በሄደ በወሩ ማሳችን መሃል የከብት አጥር ተተከለ።»

ወንድሟ ሜልቾር ሳቀ። «ኧረ ተይው እቴ! እንኳን አጥር ሊተክል ታንኳውንም በቅጡ አይቀዝፍ!»

«አንተ ደግሞ ሲጋራ የሰጠህ ሁሉ ዘመድህ ነው!»

ከዚያ እጇን ከሙታኑ ጫካ አርቃ ወደ ደቡቡ ረግረግ ዘረጋች። «እዚያ፣ ዘንባባዎቹ ጋ ያልቃል።» ልጁ ምልክት አድርጎ አመስግኗት ሄደ። ምስጋናው ሲከነክናት ሰነበተ።

በበጋው ሦስት ሰዎች በትራክተር መጡ። ማንንም ሳይጠይቁ በቀጥታ ወደ ረግረጉ ነዱ። መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ የጥንት ወርቅ ተቀብሯል ብለው ሁለት ቀን ቆፈሩ፤ ያገኙት ጭቃ ብቻ ነው። ትራክተሩም እስከ ወገቡ ሰጠመ። በበሬ ሊያወጣላቸው የሄደው ሜልቾር ፊቱ ገርጥቶ ተመለሰ።

«የያዙት የልጁን ካርታ ነው። ከተማ ገዛነው አሉኝ።»

ዝናቡ ጀምሮ ሜዳው ውሃ ሲሞላ ኢቫር ራሱ በታንኳ ብቅ አለ፤ ከስቷል።

«እማማ፣ ካርታዬን ከቢሮ ሰረቁኝ።»

«ሰረቁህ ወይስ ሸጥከው?»

«እናቴ ትሙት! ሰርቀውኝ ነው።» ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አሱንታ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። እውነት ይሁን ውሸት መለየት አቃታት። የተቀቀለ የካሳቫ ሥርና ቋንጣ አቀረበችለት።

«እውነተኛው መጨረሻ ግን የት ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ብላ።»

በላ። ተሰናብቶ ሲቀዝፍ ሜልቾርን ከኋላው ላከችው።

«ወደ ከተማ ነው የታጠፈው፤ ወደ ጫካው አልሄደም» አላት ሲመለስ።

«ዛሬ ነዋ» አለች አሱንታ።