ማናልሞሽና ፈጣኑ ምድጃ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ምድጃው የተቃጠለበት ሰው ሁሉ ማናልሞሽን ያውቃታል። የማጂ ልጅ ናት። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ትታ ቴፒ መንገድ ላይ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ስድስት ዓመት ሠራች። እዚያ ሞተር የሚጠግነው ሰውዬ ዕቃ አቀብዪኝ ይላታል፤ እሷ እያቀበለች እጁን እጁን ታያለች። ማጠቢያው ሲዘጋ ፒንሳና ቴስተር ይዛ ወጣች። ሰውዬው ሰጣት ትላለች። ሌላ የሚሉም አሉ፤ እኔ አልልም።

እኛ ግቢ በረንዳ ላይ ከተቀመጠች አራት ዓመቷ ነው። ግቢው ውስጥ ስድስት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንዲት ብሬከር አለን። ብሬከሯ ያለችው የኔ በር ራስጌ ስለሆነ፣ በጣለችና መብራት በጠፋ ቁጥር በርጩማ ላይ ወጥቼ የማነሳት እኔ ነኝ። ይሄን ታሪክ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ ይምጣ።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ሸክላው ላይ ቦይ አለው። ቦዩ ውስጥ እንደ እስፕሪንግ የተጠመዘዘ ሽቦ ይተኛል። ሲቃጠል ይበጠሳል። ማናልሞሽ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጣ ትጥልና የቀረውን ሳብ አድርጋ ታጋጥመዋለች። ቦዩ ይሞላል፤ ላየው ሰው ያው ነው። ደንበኛውም "ኧረ ከድሮውም ፈጠነ" ብሎ መርቋት ይሄዳል።

ከሁሉ የባሱት አከራያችን እትዬ ሰርካዲስ ናቸው። አራት ጊዜ አሠርተው በየቤቱ ያወሩላታል። "እኔ እኮ ዝም ብዬ ነው እንጂ፣ የኔ ምድጃ ሽሮውን በጥብጬ ሳልጨርስ ውኃው ይፈላል።" ዝም ብለው ግን አያውቁም።

ከዚያ ብሬከሯ መጣል ጀመረች። በቀን አራቴ፣ አምስቴ። ሁሌ ደግሞ ማናልሞሽ የጠገነችውን ልትሞክር ሶኬት ስትሰካ። ግቢው ፈረደባት።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ሰርካዲስ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ወርወር አድርገው መጡ። "እኔ እኮ ዝም ብዬ ነው እንጂ፣ ይቺ ልጅ መብራታችንን ጨረሰችው። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ በረንዳውን ለሳዲቅ እሰጣለሁ።"

ሳዲቅ ከተከራዮቹ አንዱ ነው፤ ልብስ ሰፊ። መኪናው የእግር ስለሆነች መብራት አትነካም። ማናልሞሽ ግን ሶኬት ከሌለው ቦታ ምን ትሠራለች? ያልተሞከረ ምድጃ ማንም አይወስድም። ሳዲቅ ማክሰኞ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በረንዳውን ሊለካ መጣ።

"ሳዲቅ፣ ከፈን ነው የምትለካልኝ?" አለችው።

"ኧረ መጋረጃ ነው፣ እህቴ።"

"ሳልወጣ?"

"ስትወጪ ጊዜ እንዳላባክን ብዬ ነው።"

ረቡዕ የእትዬ ሰርካዲስ ምድጃ ለአምስተኛ ጊዜ ተበጠሰ። ማናልሞሽ እንደ ልማዷ ልትቆርጥ ፒንሳ አነሳች። ለሌላ ደንበኛ የተገዛ አዲስ ሽቦ አጠገቧ ነበረ። አንዴ እሱን፣ አንዴ አሮጌውን አየችና "ነይ እስቲ እንቁጠር" አለችኝ። አዲሱ ሁለት መቶ አርባ ዙር ሆነ። የእትዬ ሰርካዲስ መቶ ስድሳ አምስት።

ፒንሳውን አስቀመጠች። "እኔ ነኝ።"

"ምኑ?"

"ብሬከሯን የማስጥላት። ሽቦ መንገድ ነው። ሲረዝም ከረንቱ እየተያዘ ትንሽ ትንሽ ያልፋል፤ ሲያጥር ብዙ ይጎርፋል። ፈጠነ የሚሉኝ ለዚህ ነው። እሳቸው ጥደው እኔ ስሰካ፣ የሳቸውም የኔም ለየብቻ ይስባል፤ ድምሩ ግን የሚያልፈው ባንቺ በር ራስጌ ነው።"

"ታዲያ ወፈር ያለ ብሬከር እናስገባ።"

"ከዚያ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይነድልሻል። ብሬከሯ እኮ የምትጥለው ጠብቃን ነው።"

ጎረቤቴ መምህርት ህሊና ፊዚክስ ታስተምራለች። ብንነግራት በክፍል ድምጿ "ከረንት እኩል ይሆናል ቮልቴጅ ሲካፈል ለሬዚስታንስ" አለች።

"ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አትናገሪም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ማናልሞሽ አዲሱን ሽቦ ዝም ብላ ለእትዬ ሰርካዲስ አስገባችላቸው። ሐሙስና ዓርብ ብሬከሯ ንቅንቅ አላለችም፤ በርጩማዬ አረፈች። ቅዳሜ ጠዋት ግን እትዬ ሰርካዲስ መጡ።

"እኔ እኮ ዝም ብዬ ነው እንጂ፣ ምድጃዬን ገደልሽው። ድንቹ እስካሁን ጥሬ ነው። ሳዲቅ፣ መኪናህን አምጣ።"

እኔ ክርኗን ጎንተል አድርጌ "ሽቦው የማይረባ ነው በያቸው" አልኳት በሹክሹክታ። አልሰማችኝም። አሮጌውን ሽቦ ከቆርቆሮዋ አውጥታ፣ የተበጠሰበትን ቆርጣ ባዶ ሸክላ ላይ አስተኛችውና በረንዳው ላይ ሰካች። ወዲያው ቀላ። "እትዬ፣ ይሄ እየቆረጥኩ ያሳጠርኩት የድሮ ሽቦዎ ነው። አሁን የርስዎን ያብሩት።" አበሩ። ትንሽ ቆይቶ የግቢው መብራት ጠፋ። ብሬከሯን አነሳሁ። አሮጌውን ነቅላ ሽቦው ያላጠረ የደንበኛ ምድጃ ሰካች፤ የሳቸውም በርቷል። ጠበቅን። ድንቹ መንተክተክ ጀመረ፣ መብራቱ አልጠፋም።

"አራቴ ያሳጠርሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው?"

"አራቴ፣ እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"እኔም አራቴ መርቄሻለሁ።"

ከዚያ ዝም አሉ። አራት ዓመት ስኖር የመጀመሪያው ነው።

"በረንዳውን ያዢ፣" አሉ በኋላ። "ግን ስንቱን ቤት ነው እንዲህ አሳጥረሽ የሰጠሽው?"

ማናልሞሽ በጣቷ መቁጠር ጀምራ ተወችው።

"እየዞርሽ ቁጠሪያ።"

ሳዲቅ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ከኮቱ ላይ መርፌ ነቀለና ሰጣት። "ዙሩን በዚህ ጫፍ ቁጠሪ፣ ዓይን ይስታል።"

ሦስት ሳምንቷ ነው ይኸው፣ ከሥራ በኋላ በእግሯ እየዞረች ትቆጥራለች። በአዲስ ሽቦ ልቀይርላችሁ ስትላቸው እሺ የሚሉ ጥቂት ናቸው። ትናንት ከገበያው ጀርባ አንዲት ሴትዮ "ፈጣን ነው፣ አይነካም" ብላ በሯን ዘጋችባት።  የእነሱም ግቢ ቆጣሪው የጋራ ነው። ማናልሞሽ ደጁ ላይ ካለ ድንጋይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ጎረቤቶቹ እራት ጣዱ፣ አንዷ ካውያ ሰካች፣ ግቢው ጨለመ።

ሴትዮዋ ምድጃውን በጨርቅ ይዛ ብቅ አለች።

"አለሽ እንዴ?"

"አለሁ፣" አለች ማናልሞሽ፣ መርፌዋን እያወጣች።