ሃያ ለአንድ

ታላቅ እህቴ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ ሰላም የምትለው ግድግዳውን ነበር። በጣቷ አንጓ ቋ ቋ ታደርገውና ጆሮዋን ጣል ታደርጋለች። ባለቤቶቹ ገና "ቁጭ በይ" ሳይሏት፣ "ይኼ እኮ ውስጡ ባዶ ነው፤ ማን ነው የለሰነላችሁ?" ትላለች። የማፍረው እኔ ነበርኩ። አሁን እሷ የለችም፣ እኔም አርጅቻለሁ። ሰው ሳያየኝ ግን ግድግዳ ማንኳኳት ለምዶብኛል።

ሥራዋ ልስን ነበር። ሴት መወጣጫ ላይ ስትወጣ ከታች ሆኖ የሚስቅ በማይጠፋበት ዘመን ነው የጀመረችው። መጀመሪያ አሸዋ ነፋች፣ ቀጥሎ ሲሚንቶ አቦካች፣ በኋላ የልስኑን ማንኪያ ከአንድ ሰነፍ እጅ ቀማች። ቀማች ስል የምሬን ነው። ሰውየው ምሳውን ሊበላ ሲወርድ እሷ ወጣች፤ ጠግቦ ሲመለስ ግድግዳው አልቆ ጠበቀው። "ቱንቢ" የሚል ስም የወጣላት ያን ጊዜ ነው። ቱንቢ ግንበኞች ግድግዳ መጣመሙን የሚያዩበት፣ ክር ላይ የተንጠለጠለ ብረት ነው። ነፋስ ቢያወዛውዘውም ዞሮ ዞሮ ቀጥ ማለቱ አይቀርም። ስሙ ልኳ ነበር።

አንድ ክረምት የሳንባ ምች ጣላት። "ጉንፋን ነው፣ አታካብዱ" እያለች ስትሠራ ሰንብታ፣ በመጨረሻ ከመወጣጫው በሰው ትከሻ ወረደች። ሆስፒታል ስናደርሳት ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ዓይኗ ብቻ ነበር የሚሳደበው።

ሐኪሟ ገና ልጅ እግር ናት። እኔንና ታናሽ ወንድማችንን ኮሪደር ላይ አቆመችን። ወንድማችን በገልባጭ መኪና አሸዋ የሚያመላልስ ሾፌር ነው።

"ሕመሙ ወደ ደማቸው ገብቷል" አለችን። "ደም ውስጥ ነጭ ሴሎች አሉ፤ እንደ ዘበኛ ቁጠሯቸው። አንደኞቹ ሌባ ገባ ሲባል ዱላ ይዘው የሚሮጡት ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ የሌባውን መልክ ለይተው የሚያስታውሱት። ጤነኛ ሰው ላይ ሯጮቹ የሌሎቹን እጥፍ ቢሆኑ፣ ቢበዛ ሦስት እጥፍ ነው። ሰው በጠና ሲታመም ሯጮቹ ይበዛሉ፣ ሌሎቹ ይመናመናሉ። የእህታችሁ ዛሬ ሃያ ለአንድ ነው። አልደብቃችሁም፣ ከባድ ነው፤ እዚህ ከደረሱት ብዙዎቹን አጥተናል። ግን ይኼ የዛሬው ነው። በየጠዋቱ እየለካን ወዴት እንደሚሄድ እናያለን።"

ከዚህ ሁሉ ንግግር ወንድሜ ጆሮ የገባው "ሃያ ለአንድ" ብቻ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ቁጥር አንድ ትርጉም ነው ያለው። ሦስት አሸዋ ለአንድ ሲሚንቶ ከሆነ ግድግዳ ይቆማል። ስድስት ለአንድ ከሆነ ተቋራጩ ሌባ ነው።

"ሃያ አሸዋ በአንድ ሲሚንቶ!" አለኝ እጄን ጨብጦ። "እትዬ፣ ይኼ እኮ በጥፍር ሲነኩት የሚረግፍ ነው። አለቀላት።"

በማግስቱ ገልባጩን ሆስፒታሉ በር ላይ አቁሞ ገባ።

"እታለም፣ ቤትሽ እንውሰድሽ" አላት፣ ዓይኗን ማየት እየፈራ።

የአየር ጭንብሉን በአንድ ጣቷ ገለጥ አደረገችው። "መኪና አመጣህ?"

"አምጥቻለሁ። ፍራሽሽንም አንጥፌበታለሁ።"

"ገልባጩ ላይ?"

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"እንደ አሸዋ ልትደፋኝ ነው?"

አጠገቧ የተኛችው በሽተኛ ሳትወድ በግዷ ሳቀች። ወንድሜ ግን እንባው መጣ። "ሃያ ለአንድ ነው ያሉት፣ እታለም። ምን ማለት እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እዚህ በቱቦ ተተብትበሽ ከምትሞቺ፣ በገዛ እጅሽ በለሰንሽው ቤት..."

"እኔ ያንን ቤት የለሰንኩት ልኖርበት ነው!"

ትንፋሿ ተቆራረጠ፤ ማሽኑ ጮኸ። ሐኪሟ ሮጣ መጥታ ጭንብሉን መለሰችላት። እህቴ ትንሽ አየር እንዳገኘች የልጅቷን እጅ ያዘች።

"ልጄ፣ ነገም ደሜን ትቀጃለሽ?"

"አዎ፣ እናቴ።"

"ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል?"

"ሊጨምርም፣ ሊቀንስም ይችላል።"

"ሰማህ አንተ ሾፌር? አሸዋ አንዴ ከተቦካ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ያልቅለታል። ደም ግን በየቀኑ አዲስ ይቦካል። ሂድ፣ ፍራሼን ዝናብ ሳይመታው ቦታው መልስልኝ!"

በማግስቱ ቁጥሩ ሃያ ሦስት ገባ። ወንድሜ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ያሽከረክር ነበር። እሷ መናገር አቅቷታል። ቁልፉን አየችና የአልጋዋን ብረት በጣቷ አንጓ ቋ ቋ አደረገችው። ቁልፉ ኪሱ ገባ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍሉ ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ያ የብረት ድምፅ እስኪመጣ ድረስ አልገባም። ደከም ይላል፤ አንዳንዴም ይዘገያል። ይመጣል ግን።

ቁጥሩ መጀመሪያ ባለበት ረገጠ፣ ኋላ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። አንድ ቀን ሐኪሟ ጥርሷ ሳይከደን ገባች።

"እናቴ፣ ዛሬ ሰባት!"

"በሰባት ቤት አይቆምም" አለች ቱንቢ። "ለአጥር ግን አያንስም። ቀጥዪ።"

ከሆስፒታል የወጣች ዕለት፣ በዚያው ገልባጭ ጋቢና ተቀምጣ፣ ወደ ቤት ሳይሆን ስትታመም ትሠራበት ወደነበረው ሕንጻ ንዳ አለችው። ጀምራ የተወችውን ግድግዳ ሌላ ሰው ጨርሶታል። እኔን ተደግፋ ሄደችና ቋ ቋ አደረገችው። ጆሮዋን ጣል አደረገች።

"ባዶ ነው" አለች።

ፎርማኑ ሮጦ መጣ። "ቱንቢ! አለቀላት ብለውን እኮ..."

"ማነው ያላችሁ?"

ወንድሜ ጫማውን ያይ ነበር።

"መዶሻ አምጡ!" አለች። አመጡላት። ማንሳት አቃታት፤ ክንዷ ሸንበቆ ሆኗል። ለወንድማችን አቀበለችው፤ እሷ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠች።

"ከዚህ ጀምር" አለችው። "ደግሞ ጠንከር አድርገህ ምታ፣ ቀብር ላይ ያለህ አትምሰል።"