በደባርቅ አዳራሽ የተናገርሁት

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን ስለ ፈረንጅ ገጣሚዎች ቴአትር ጻፈ። ገጣሚዎቹ ንጉሥ ይረግማሉ፣ ጋብቻን ሰንሰለት ይሉታል፣ ሳይጋቡ አብረው ይኖራሉ። የቀበሌው ካድሬ ንጉሥ መርገማቸውን ሲሰማ ሌላውን ሳያነብ ማኅተሙን መታበት። ቴአትሩ መጨረሻ ላይ ግን እንደ አብዮተኛ ግራ እጃቸውን ያንሡ ብሎ አዘዘ።

ሴቲቱን ገጣሚ ሆና የምትጫወት ጠፋች። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ እጄን አወጣሁ። ያኔ ዳባት ላለ እህል ነጋዴ ታጭቼ ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ግን ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን፣ ትምህርቴም እዚያው ላይ ሊቀር ነው። ኮሌጅ እገባለሁ ብዬ ዓይኔ እስኪደክም ያጠናሁት ለማን ሆነና! አባቴን ብለምነው፣ ብለምነው አልሰማኝም።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ፊት ወንበር ላይ አባቴና ከዳባት የመጡት የእጮኛዬ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ከጊች መንደር ገበሬ በተዋስነው በርኖስ የተጀቦነው ገጣሚ፣ ልቡ ተሸንፎ፣ ላግባሽ አለኝ። እኔም ፊቴን ወደ ሽማግሌዎቹ አዙሬ፣ ያለ ሽማግሌ ያለ ቀለበት ከወደድሁት ጋር እኖራለሁ፣ ካልወደድሁ ግን ማንም አሳልፎ አይሰጠኝም አልሁ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ቤታችን መጡ። ቁጣ ስጠብቅ የባሰውን ይዘው መጡ፤ ይቅርታ። ልጅቱ ያስጠኗትን ነው ያለችው፣ ቃሉ የእርሷ እንዳልሆነ በአፏ ትንገረንና ሰርጉ በቀኑ ይሁን አሉ። አባቴ እፎይ ብሎ በዓይኑ ለመነኝ። አንጀቴን በላኝ።

«አባቶቼ፣ የጻፈው መምህሩ ነው። እኔ ግን ከልቤ ነው ያልሁት» አልኋቸው።

የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ተነሡ። አባቴ እስከ አውቶቡሱ ሸኝቷቸው ተመለሰና፣ ያ በርኖስ የለበሰው ልጅ ነው ወይ ያሳበደሽ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አልሁት። ሌላ ሰው አለ ወይ አለኝ። የለም አልሁት።

«ታዲያ ለማን ብለሽ አዋረድሽኝ?»

«ለራሴ።»

የወደድሁት ወንድ ቢኖር ኖሮ አባቴ ይቆጣኝ፣ ምናልባትም ይመታኝና ኋላ ይቅር ይለኝ ነበር። «ለራሴ» ማለቴ ግን ከአእምሮው በላይ ሆነበት። ኮሌጅ ልገባ ስነሣ እንኳ ሊሸኘኝ ከቤት አልወጣም። ዛሬም ቢጠይቀኝ ያንኑ እመልስለታለሁ፤ እሱ ግን ዳግመኛ ምንም ሳይጠይቀኝ ሞተ።