«ስፕለርጅ»ን ያስተማሩን ጋሼ ደምሴ

የቴሌ የጥሪ ወረቀት ሲደርሰኝ ገና ከቅዳሴ መመለሴ ነበር። እዚህ ጎሬ ሰው ለስልክ የሚጠራው ለደግ አይደለምና «እመቤቴ፣ አደራሽን» እያልኩ ሄድኩ። ከአቃቂ የደወለችው እህቴ ናት። «ጋሼ ደምሴ አረፉ» አለችኝ። ቀብራቸውም ተፈጽሟል።

ጋሼ ደምሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአቃቂ ባቡር ጣቢያ የጭነት ክፍል የሠሩ፣ ማታ ማታ ደግሞ ለእኛ ለፋብሪካ ሴቶችና ለሐዲድ ሠራተኞች እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እኔም ዛሬ በሰው አገር አስተማሪ ሆኜ እንጀራ የምበላው በእርሳቸው ነው።

እህቴ ሌላም ነገር ነገረችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ለአርባው ተዝካር ሰንጋ ለመግዛት የስፌት መኪናቸውን ሊሸጡ ነው። ጎረቤቱም «ስፕለርጅን ያስተማሩን ሰው በንፍሮ ይሸኙ?» እያለ ይገፋፋቸዋል አሉ። ከእንግዲህ ደግሞ ከዚያች መኪና በቀር መተዳደሪያ የላቸውም።

ቃሉን ላልሰማችሁ ላስረዳ። የምንማረው በጭነት ክፍሉ ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነበር። ኮታቸውን ራሳቸው እየጣፉ የሚለብሱት ጋሼ አንድ ምሽት ከድሬዳዋ ባቡር የወረደ ብርቱካን በገዛ ገንዘባቸው ገዝተው በዘንቢል ሙሉ ይዘው ገቡ። ለሁላችንም አደሉንና ሰሌዳው ላይ «ስፕለርጅ» ብለው ጻፉ።

«አልፎ አልፎ፣ ደስ ሲል፣ ሳይሰስቱ ገንዘብ ማውጣት ማለት ነው። በሉ፣ እየበላችሁ በዓረፍተ ነገር አስገቡት።»

ሐዲድ ጠጋኙ ሞላ ቀድሞ ብድግ አለ። «አይ ስፕለርጅ ኤቭሪ ደይ፣ ጠጅ ቤት!»

«ተቀመጥ! ያንተስ ልማድ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ብርቱካኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። «ጋሼ፣ እንዲህ ገንዘብ ማባከን ኃጢአት አይሆንብንም?»

«አይ አንቺ! ገና ሳትልጪው ንስሐ ልትገቢ ነው?»

በላሁት። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ጫማ የገዛም፣ ሻይ የጋበዘም «ስፕለርጅ አደረግሁ» ባይ ሆነ።

ኋላ ግን አንዲት ጎረቤታችን ለባሏ ተዝካር የምታልባትን ላም ሸጣ መንደሩን አበላች። ሞላ «ስፕለርጅ ማለት ይህ ነው!» ሲል ጋሼ ጠመኔውን አስቀመጡ። እንደዚያ ኮስተር ብለው አይቻቸው አላውቅም።

«አይደለም» አሉ። «ስፕለርጅ የሚያደርግ ሰው ደስ ብሎት ነው። እሷ ‹ሰው ምን ይለኛል› ብላ፣ እያለቀሰች ነው ያወጣችው። ለእንዲህ ያለው እንግሊዞቹ ቃል ካላቸው ፈልጌ እነግራችኋለሁ። ይህን ቃል ግን በእሷ ላይ እንዳትጠሩብኝ።»

ከዚያ ወዲያ ለልጆቿ ወተት በእኔ እጅ ይልኩ ነበር። «ከማን ነው ብትልሽ፣ ከጣቢያው ነው በያት» ይሉኛል።

ጋሼ ደምሴ፣ ደህና ይረፉ። አፈር ሳላለብስዎ ቀረሁ። ስምዎን ለዚህ ደብር ካህናት ሰጥቻለሁና ጸሎቱ አይጓደልብዎትም። የሚያስፈራኝ፣ እርስዎ ለደስታ ያስተማሩን ቃል እትዬ በላይነሽን ባዶ ቤት እንዳያስቀራቸው ነው።

እናንተ ያን ጊዜ ጆንያው ላይ አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ በተለይም ሞላ፣ መንገዱ ረጅም ነውና ለአርባው አልደርስም። እባካችሁ ዛሬውኑ ወደ እትዬ በላይነሽ ሂዱና ጋሼ ላሟ የተሸጠች ጊዜ ያሉትን እንዳሉት ንገሯቸው። ንፍሮውን እናንተው ቀቅሉ፣ ካህናቱን ጥሩ፤ መኪናዋ ግን ከዚያ ቤት እንዳትወጣ።